ቆቅ የሚሸሸው ጉዱ

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ጉዱ ዛሬም ዞሮ መጣ። ቆቋ እዚያው ቁጥቋጦው ሥር ነበረች፤ ሣሩ ሲነቃነቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽታዋም ደርሶታል። አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ ጆሮውን አጥፎ፣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከቶ፣ ትልቅ ዙር ዞሮ መጣና ከኋላዬ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ደግሞ ጫማዬን ይልሳል። ልቆጣው አልቻልኩ፣ ላቅፈው አልቻልኩ።

እህቱ ሸጋ ግን! ያችኑ ቆቅ ከሩቅ አሽትታ ቀጥ አለች። ቀኝ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ ጅራቷ እንደ ማስመሪያዬ ተወጥሮ። እኔም ሃምሳ ሁለት ዓመቴን ረስቼ ገራዶ ማሳ ላይ ዘለልኩ። ስዘል ቆቋ በረረች፣ ሸጋ ተከትላት ሮጠች፣ ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ ወደቅኩ። ጉልበቴ ይኸው አብጧል። ምን ይደረግ፣ ደስ ሲለኝ መቆም አልችልበትም።

ይህን ደብተር ያስጀመረኝ ሳሚ ነው፤ "ውሾቹ የሠሩትን በየቀኑ ጻፊልኝ" ብሎ። ለእሱ የሚላከውን በሌላ ወረቀት እጽፋለሁ። እዚህ እውነቱን።

ሳሚ ታናሽ ወንድሜ ነው። ጣሊያን አገር የአዳኝ ውሾች ጠባቂ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ፣ አንዲት እርጉዝ ውሻ ይዞ ኮምቦልቻ ገባ። ሰው ከውጭ መኪና ይዞ ይመጣል። እሱ ግን እርጉዝ ውሻ! ነሐሴ ላይ ከደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና የወለደቻቸው ሁለት ቡችሎች ወደ እኔ፣ ወደ ደሴ ወጡ። "ለሦስት ሳምንት ነው እታለም" ብሎ ነበር። ይኸው አራተኛ ወሩን ይዟል።

ሥራቸው ወፍ መግደል አይደለም። ይህን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳስረዳ ምላሴ ደርቋል። ወፏን አሽትተው ያገኛሉ፣ ካገኙ በኋላ ግን መንካት የለም። አንድ እግር አንስቶ፣ ሰው እስኪደርስ ድርቅ ማለት ነው። ሳሚ "ፌርማ" ይለዋል፤ እኔ የታክሲው ፌርማታ ይመጣብኛል። ጥር ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ደጋን አካባቢ ወጣት ውሾችን በዚሁ ያወዳድራሉ። ጥይት የለ፣ ሞት የለ።

ማታ ሲጨልም ሳሚ ደወለ። "እታለም፣ ዳኛው ብሩክ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለቱንም ደጋን ላይ ያያቸዋል።"

"ካያቸው በኋላስ?"

"የቆመው ለጥር ይመዘገባል። ያልቆመውን ኮምቦልቻ ያለ ባለ መጋዘን ለጥበቃ ይፈልገዋል። ቃል ገብቼለታለሁ።"

የመጋዘን ውሻ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንገቱ ላይ ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱ የደረሰበት መሬት ክብ ሆኖ ሣር አያበቅልም። ውሻው ዕድሜውን ያችን ክብ ሲዞር ይጨርሳል።

"ሁለቱም ጎበዞች ናቸው" አልኩት። ዋሸሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

እንግዲህ ሌላ ሰው የማያየው ደብተር ከሆነ ልጻፈው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቡችሎቹ በመጡ በሳምንታቸው ጉዱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ የጎረቤቴን የዘሃራን ቄብ ዶሮ አንገቷን ይዞ ገደለ። እኔ ምን አደረግኩ? እናቴ የምታደርገውን፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚያደርገውን። የሞተችውን ቄብ ክንፍ ቆርጬ፣ ጉዱን በጆሮው ይዤ፣ "ነውር! ነውር!" እያልኩ አፉን በክንፉ ገረፍኩት። እስኪያለቅስ። በእኛ ሰፈር ዶሮ ያልተከለከለ ቡችላ ዓመት አይሞላም፤ አንዱ መርዝ ይሰጠዋል። ስለዚህ የሚገረፈው ለራሱ ነው። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ እጄን ታጥቤ ምሳዬን በላሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳሚ የደረቀ የቆቅ ክንፍ ላከልኝ። በዘንግ ጫፍ አስሬ ፊታቸው ላይ እንዳወዛውዝላቸው ነው፤ የመጀመሪያ ትምህርታቸው እሱ ነው። ሸጋ ክንፉን አይታ ደረቀች። ጉዱ የስፌት ማሽኔ ሥር ገብቶ ሸናበት። ያኔ ገባኝ። ገባኝና ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ዝም።

ያልሞከርኩት የለም።

ክንፉን ምግቡ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሁለት ቀን ጾሞ ዋለ።

ክንፉን ኪሴ ከትቼ አቀፍኩት፤ ተንቀጠቀጠ።

ከሸጋ ጋር በአንድ ገመድ አስሬ ለቀቅኳቸው፤ እሷ ስትቆም እሱ ዞረ፣ ሁለቱም ወደቁ።

"አይዞህ" እያልኩ ወደ ቁጥቋጦው ገፋሁት፤ ጀርባው ላይ ተገለበጠ።

ዛሬም ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነስቼ ገራዶ ወረድኩ። የሚያወርደን ሰይድ ነው፣ የዘሃራ ባል። ጀርባው ክፍት በሆነው ቶዮታው ከገራዶ አትክልት ያመጣል፤ ጠዋት ባዶውን ስለሚወርድ ውሾቹን ከኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያስቀምጥልኛል። ከረጢቱን ማንሳትም ማጠብም የእኔ ሥራ ነው፤ ስምምነታችን ነው።

"እትዬ አስካለ" አለኝ ቁልቁለቱ ላይ፣ "አሁን እነዚህ ውሾች ወፍ አግኝተው ምን ያደርጋሉ?"

"ይቆማሉ።"

"ከቆሙ በኋላ?"

"በቃ፣ ይቆማሉ።"

ብዙ አሰበ። "የእኛም ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አለ" አለ። እንዴት አልስቅ!

ሲመሽ ሥጋ ቤት ሄጄ ሳንባ ገዛሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ በመስኮት አየኝና፣ "በጾም? እርስዎም እትዬ?" ብሎ ጮኸ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። "ለውሻ ነው!" ብዬ ብጮህ ማን ያምናል። የገና ጾም ገብቶ እንደዚህ ተሰለፍኩ፣ እግዚአብሔር ይየው።

ሠላሳ ስድስት ዩኒፎርም ሳይሰፋ ተቀምጧል። የአሥራ አራቱ እጅጌ ብቻ ነው ያለቀው። ዓይኔ ይቃጠላል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 24

አልወረድኩም። ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ግድግዳውን ይዤ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋግ ነበር፣ ብርዱም ብርድ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰፋሁ። ሸጋና ጉዱ ከማሽኑ ግራና ቀኝ ተኝተው ዋሉ። መርገጫውን ስረግጥ የጉዱ ጆሮ ከእግሬ እኩል ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ውሻ እንዴት ሰንሰለት ላይ ይታሰራል? ሳሚ ማሳ ላይ ግራ ቀኝ እየቆረጡ ይሩጡ ሲለኝ ያልገባኝን፣ ጉዱ ነው ያስረዳኝ፤ እንደ ዚግዛግ ስፌት ልክ በልክ እየተመላለሰ። ከእህቱ ይበልጣል በሩጫ። በአፍንጫም ይበልጣል። ማሳው ውስጥ ሽታ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱን ነው። ደርሶት ነው የሚዞረው።

ከሰዓት ሳሚ ደወለ።

"ጉዱ እንዴት ነው?"

"ጤነኛ ነው።"

"እታለም፣ ጤንነቱን አልጠየቅኩሽም።"

"ሰው መጣብኝ፣ ልለካው ነው" ብዬ ዘጋሁት። ማንም አልመጣም። ታናሽ ወንድሜን እሸሸው ጀመር፤ እኔም እንደ ጉዱ ዙር እዞራለሁ ማለት ነው።

ማታ ለውሾቹ ገንፎ በሳንባ፣ ለእኔ ሽሮ። ደክሞኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ኧረ ጉድ! ከየት ልጀምር።

ጠዋት ዘሃራ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። ዘሃራ ውሾቹን ትወዳቸዋለች፣ ግን በአጥር ማዶ ሆና ነው። ምላሳቸው ከነካት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር መታጠብ አለባት፤ "ለአንቺ ውሻ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስታጠብ ልዋል?" ትለኛለች። ዛሬ ፊቷ ጠቁሯል።

"አስኩ፣ ልነግርሽ ፈርቼ ነው የሰነበትኩት። ውሻሽን አሞታል።"

"የትኛውን?"

"ያን ባለ ጥቁር ጆሮውን። አንቺ ገበያ ስትወጪ በአጥሩ ቀዳዳ ዶሮዎቼን ያያል፣ ከዚያ ወላሂ ይደርቃል። አንድ እግሩን ያነሳል። ለሀጩ ይንጠባጠባል። ብጠራው አይሰማ፣ ድንጋይ ብወረውር አይሰማ። ደንግጬ ቢስሚላሂ አልኩ። የሚጥል በሽታ እንዳይሆን ሐኪም አሳዪው።"

እጄ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ። "ስንት ጊዜ?"

"አንቺ በወጣሽ ቁጥር ነዋ!"

ቅርጫቴን አንጠለጠልኩ። ለጉዱ እንዲሰማው በሩን ድው አድርጌ ዘጋሁና ወጣሁ። ዙሪያውን ሄጄ በዘሃራ የኋላ በር ገባሁ። በወጥ ቤቷ መስኮት፣ በመጋረጃው ጠርዝ አጮለቅኩ። ዘሃራ ከኋላዬ ልብሴን ይዛ፣ "ምን እናያለን? ምን እናያለን?" ትላለች።

ጉዱ መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አስገባ። አንዲት ቀይ ዶሮ አፈር ትጭራለች። ግራ እግሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጀርባው ተወጠረ። ጅራቱ... የጅራቱን ጫፍ ማየት አልቻልኩም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከሸጋ ያምራል። ሺህ ጊዜ ያምራል። የተቀረጸ ነው የሚመስለው።

እንባዬን ስጠርግ ሳል መጣብኝ። አንዲት ትንሽ ሳል ነች። ጉዱ ሰማ። እግሩ ወረደ፣ ጅራቱ ገባ፣ ጆሮው ታጠፈ፣ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ወፏን አይደለም የሚፈራው። እኔን ነው።

የዘሃራ ወጥ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የግድ ነገርኳት፤ ቄቧን፣ ክንፉን፣ ግርፋቱን። አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፣ እሱንም ነገርኳት። ቄቧ በሞተች ማግስት ሰኞ ገበያ ሄጄ መልኳን የምትመስል ገዝቼ በአጥሩ ላይ ጥዬላት ነበር።

ዘሃራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አጂብ! እኔም እኮ ለሰይድ ብዬዋለሁ! ያቺ ቄብ ጠፍታ አደረች፣ ስትመለስ እግሯ ላይ ላባ አብቅላ መጣች!"

"ምን አለሽ ታዲያ?"

"ዓይንሽን ታከሚ አለኝ።" ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ "ለእኔ ዶሮ ብለሽ ነው እንዲህ የሆነው" አለች። "አብሽሪ። ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ።"

"አንቺ? ውሻ?"

"ገመድ ነው ያልኩሽ። ገመድ ምላስ የለውም።"


ዓርብ፣ ኅዳር 26

ሰይድ ጁምዓ አለበት፤ ስለዚህ ከወትሮውም ቀድመን ወረድን። ዘሃራ እስከ ክንዷ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አድርጋለች፤ ከላይ ደግሞ የሰይድን የዝናብ ካፖርት። ገበሬዎቹ ገብስ ሲወቁ ቆም ብለው አዩን። አንዱ፣ "ማር ልትቆርጡ ነው እንዴ?" አለ። ዘሃራም፣ "ማሩን ስናመጣ ታያለህ!" አለችው።

እኔ ከጭድ ክምር ጀርባ ገባሁ። እንዳላይ አልከለከልኩም ራሴን፤ በክምሩ ጎን በአንድ ዓይኔ። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኔ ነበር፣ ሽታዬ አይደርሰውም።

ጉዱ መጀመሪያ ፈለገኝ። ወደ ኋላ ዞረ፣ ወደ ቶዮታው አየ። ዘሃራ እንዳስተማርኳት ዝም ብላ ወደፊት ሄደች። ዝም ብላ ስል፣ ለዘሃራ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት የምናውቅ እናውቃለን። ቀስ በቀስ መሮጥ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ከቦዩ ዳር ድንገት እንደተቸነከረ ቆመ። እግሩ ከፍ አለ።

እኔ አፌን በነጠላዬ ጠቀጠቅኩ።

ዘሃራ ግን፣ "ደረቀ! አስኩ፣ ደረቀልሽ! ማሻ አላህ!" ብላ ጮኸች። ሁለት ቆቆች ፍርርር አሉ፣ ጉዱ ተከተለ፣ ዘሃራ ገመዱን አልለቅም ብላ ቦዩ ውስጥ ገባች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ። እዚያው ቁጭ ብላ ትስቃለች።

ሁለተኛውን ጊዜ ከንፈሯን ነክሳ ያዘች። እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ። ንቅንቅ አላለም።

ደስታዬን የት ላድርገው! ግን እዚያ ጭድ ጀርባ እንደ ሌባ ተደብቄ፣ አራት ወር ያጠባሁት ያህል ያሳደግኩት ውሻ እኔ ስጠፋ ብቻ ሲያምርበት ማየት፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው። ያደክማል። ከዳገቱ ይልቅ ይሄ ያደክማል።

ነገ ዘሃራ ትይዘዋለች፤ ተስማምተናል። ሳሚ ግን ምን ልበለው? ከማያውቃት ሴት ጋር ውሻውን ልልክለት ነው? ሳልነግረው መሆን አይችልም። ልብሶቹን ትቼ ልተኛ። አሥራ ሰባት ቀርተዋል፤ ባለቤቶቹ ሰኞ ይመጣሉ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ተመልሰን ገባን። እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል ልሞክር።

በጠዋት በሰይድ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ ደጋን ደረስን። ከደሴ ብርድ ወጥተን እዚያ ሹራባችንን አወለቅን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተቆልሏል፤ ከጎኑ የታጨደ የጤፍ ማሳ። ሳሚ የማሳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ክራንቹ ጎኑ። ዳኛው ብሩክ ገና ከባለ መሬቱ ጋር ይነጋገራል። አጋጣሚውን ካሳለፍኩት አልናገረውም ብዬ ቶሎ ሄድኩ።

"ሳሚ፣ ጉዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ልብስ ልኬት፣ ከላይ እስከ ታች።

"በክንፍ?" አለ።

"በክንፍ።"

"አፉን?"

"አፉን።"

ረጅም ጊዜ ክራንቹን ሲያዞር ቆየ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አራት ወር ሙሉ 'ጎበዝ ነው' ስትዪኝ..."

"ጎበዝማ ነው! እኔ ነኝ እንጂ ያልጎበዝኩት።"

"ሰው የሚፈራ ውሻ በሰው ፊት አይሠራም፣ እታለም። ጥር ላይ ደግሞ ሰው ብቻ ነው ያለው።"

"ሰው አይፈራም። እኔን ነው የሚፈራው። እኔ አልኖርም፤ ዘሃራ ትይዘዋለች። ዝም ብለህ እየው።"

ዘሃራን አየ። ጓንቱን፣ ካፖርቱን። ዘሃራ ከሩቅ ሰላምታ ሰጠችው፣ "አይዞን ሳሙኤል፣ ዛሬ አልጮህም!"

መጀመሪያ ሸጋን እኔው ራሴ ለቀቅኳት። ልጄ አላሳፈረችኝም፤ ሁለቴ አገኘች፣ ሁለቴ ቆመች። ብሩክ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ ሄጄ መኪናው ውስጥ ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ፊቴን ወደ አስፋልቱ፣ ጀርባዬን ወደ ማሳው። አላይም አልኩ። ጎኔ ሰይድ ተቀምጦ ጥንቅሽ ያኝካል፤ እሱ በመስታወቱ ማሳውን ያያል።

"ምን እንደሆነ ልንገርሽ?"

"እንዳትነግረኝ! ከነገርከኝ እጮሃለሁ፣ ከጮህኩ ይሰማል።"

አስፋልቱ ላይ ግመሎች አለፉ። አንድ የጭነት መኪና፣ ሌላ የጭነት መኪና። ላቤ ይወርዳል። ሰይድ ያኝካል፣ ይተፋል፣ ያኝካል። እኔ የእሱን መንጋጋ ብቻ ነው የማየው። ሳስበው፣ ጉዱን የሚጠብቀው ሰንሰለት ዓይኔ ላይ አለ። ያ ክብ መሬት።

ሰይድ ማኘኩን አቆመ።

ጥንቅሹ አፉ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ግመሎቹ ከዓይን ራቁ። ሌላ መኪና አለፈ። አሁንም አላኘከም። ከዚያ ከሩቅ የክንፍ ድምፅ፣ ብዙ ክንፍ፣ ፍርርርር፤ ከዚያ የሳሚ ሳቅ። ወንድሜ ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ሰይድ ጥንቅሹን ነከሰና፣ "አሁን ጩሂ" አለኝ።

አልጮህኩም። ራሴን ዳሽቦርዱ ላይ ደፋሁ።

ብሩክ መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። ትሑት ሰው ነው። "እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ያሳደጉት? እንደዚህ ሲቆም ብዙ ውሻ አላየሁም። ግን በጥር የሚያቀርበው ያሠለጠነው ሰው ነው፤ ጎረቤት አይሆንም። እርስዎን እንደሚፈራ ሳሚ ነግሮኛል፤ ከእርስዎ ጋር ሲቆም ካላየሁ ልመዘግበው አልችልም።"

"ይድናል እንዴ?"

"በምላስ አይሆንም፣ በእግር ነው። ከሩቅ ይጀምሩ፣ ከሁለት መቶ እርምጃ። እሱ ሲቆም እርስዎ ዝም ብለው ይቁሙ። በየቀኑ አሥር እርምጃ ይቅረቡ። ከተመለሰብዎት አሥር ወደ ኋላ።" ሳነክስ አይቶኝ ነበርና፣ "ጉልበትዎ ይችላል?" አለኝ።

"ጉልበቴን አይጠይቁት፣ እኔን ይጠይቁኝ!"

ሳሚ እዚያው ስልኩን አውጥቶ ለባለ መጋዘኑ ደወለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ የሰማሁት፣ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሌላ ውሻ ፈልግ" የሚለውን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቀጥሎ የምትጽፊልኝ ወረቀት ላይ ግን እውነቱን" አለኝ። አሁንም ትንሽ እንደተቀየመኝ ነው። ይቀየም፣ ልክ ነው።

ዘሃራ ምላሷን ስለያዘች ከንፈሯ አብጧል። መንገዱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ስታወራ ገባን።


እሑድ፣ ኅዳር 28

ከቅዳሴ መልስ ገራዶ። ሰይድ በእረፍት ቀኑ አወረደን፤ "እኔም ሱስ ያዘኝ መሰለኝ" አለ።

ዘሃራ ገመዱን ይዛ ቆመች። እኔ ከእሷ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። መቶ ላይ ጉልበቴ ጮኸ። መቶ ሠላሳ ላይ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍኩ። ገበሬው ከማሳው፣ "እትዬ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?" አለኝ። "ርቀት ነው የምፈልገው" አልኩት። ሁለት መቶ ስሞላ ዘሃራ የጣት ያህል ሆናለች።

ዛሬ አልተደበቅኩም። ሜዳው ላይ ቆምኩ፣ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ ከየትም የምታይ ሆኜ። ጉዱ አየኝ። ግራ ሮጠ፣ ቀኝ ሮጠ፣ በየዙሩ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ እንደ እንጨት።

ቁጥቋጦው ጋ ሲደርስ አፍንጫው ያዘው። እግሩ ተነሳ። ጭንቅላቱ ግን ወደ እኔ ዞረ። አራት ወር ሙሉ እዚህች ጋ ነው የምናጣው። ጅራቱ መውረድ ጀመረ፤ ግማሽ ድረስ ወረደ። እግሩ ግን እንደተንጠለጠለ ነው። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን። ያበጠው ጉልበቴ ያመኛል፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አልጠረግኩትም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ዘሃራ እስከ ሠላሳ ቆጥሬያለሁ ትላለች፣ ዘሃራ ደግሞ ስትቆጥር ትቸኩላለች።

ቆቋ በራሷ ጊዜ በረረች። ጉዱ አልተከተላትም። ገመዱን እየጎተተ ወደ እኔ መጣ፣ ዘሃራ ከኋላው "ቀስ! ቀስ!" እያለች። ሁለት መቶውን እርምጃ ሁሉ ሮጦ መጣ። ዙር ሳይዞር፣ ቀጥ ብሎ።

ከኋላዬ አይደለም፤ ከፊቴ ቁጭ አለ። ጫማዬንም አልላሰም። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

ምን ማለት እንደሆነ ለብሩክ ደውዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ቆሟል ልበል፣ አልቆመም ልበል፣ አላውቅም። ለሳሚ በሚላከው ወረቀት ላይ "እግሩን አላወረደም" ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ጉልበቴን በሙቅ ጨርቅ አስሬዋለሁ። ለነገ አሥራ ሰባት ዩኒፎርም አለብኝ።